ሰፈራችሁ ውስጥ ሥራ ያጣው ወጣት ስንት ነው? ቤት ለቤት የመቁጠር ዘዴ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩ በሁለተኛው ክረምት ነው። ጎንደር፣ ፒያሳ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይቼ ስመለስ እናቴ ቡና እየቆላች «ለጥናት ነው የመጣነው ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ስለ አንቺም ጠይቀውኛል» አለችኝ።

«ምን አልሻቸው?»

«ቤት ናት፣ ታግዘኛለች አልኳቸዋ!»

ጫማዬ ገና ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ጠዋት ከማራኪ ተነስቼ በካፊያ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ሦስት ማስታወቂያ በደብተሬ ገልብጬ፣ ለአንዱ የትምህርት ማስረጃዬን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ አስገብቼ መመለሴ ነው። ደግሞ እናቴ አልዋሸችም፤ ቤት ነበርኩ፣ አግዛትም ነበር። መልሷ የት እንደከተተኝ የገባኝ ከዓመታት በኋላ እኔው ራሴ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት መዞር ስጀምር ነው። «የቤት ውስጥ ሥራ» የሚል ኮድ አለ። እዚያ የገባች ልጅ ሠራተኛ አይደለችም፣ ሥራ አጥም አይደለችም፤ በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የማትሳተፍ ተብላ ከሒሳቡ ትወጣለች።

አምና እድራችን «ለሥራ አጥ ልጆቻችን መነሻ ገንዘብ እናበድር» ብሎ ተነሳ። ስንት ናቸው ሲባል የእድሩ ዳኛ «ቢበዙ አርባ» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ እናት ደግሞ ነጠላቸውን መለስ አድርገው «ኧረ ከመቶ ይበልጣሉ! የኔ ቤት ብቻ ሦስት አሉ» አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። «እኔ ልቁጠራቸው» አልኩና ገባሁበት። ከዚህ በታች የጻፍኩት የቆጠርኩበትን መንገድ ነው። እድር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የወጣት ማኅበር ወይም የቀበሌ ሠራተኛ ሊሠራበት ይችላል። የሚያስፈልገው ባለ መስመር ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ (እስክርቢቶ ያስቸግራል፣ ሰው መልሱን ይቀያይራል)፣ ጽሑፋቸው የሚነበብ ሦስት አራት ልጆችና ሁለት ቅዳሜና እሁድ ነው።

ዕድሜና ሳምንት

ወጣት ማለት ከስንት እስከ ስንት ነው? የአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ከ15 እስከ 29 ብሏል። የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ የሚይዘው ከ15 እስከ 24 ነው። የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ይዘልቃል። የፈለጋችሁትን ያዙ፣ ብቻ አንዱን ከያዛችሁ አትልቀቁ። እኛ 29ኙን ያዝን። አንድ የ33 ዓመት ጎረቤቴ «እኔስ? ሽማግሌ አደረግሽኝ?» ብሎ ተቆጥቶኛል፤ እሱን በመጨረሻው ገጽ ለብቻው ጻፍኩት። ደግሞ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ሁሉ ሃያ ወይም ሃያ አምስት ይሆንባችኋል። የተወለደበትን ዓመተ ምሕረት ጠይቁ፤ ካላወቀው ስምንተኛ ክፍል የተፈተነበትን።

ሳምንቱን ስትመርጡ ጎንደር ውስጥ እንደምትኖሩ አትርሱ። በጥምቀት ሰሞን እዚህ ከተማ ሥራ ፈት ማግኘት ከባድ ነው፤ ድንኳን የሚተክለው፣ አልጋ የሚያገናኘው፣ ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ውኃና ማስቲካ የሚሸጠው፣ ለእንግዳ ፎቶ የሚያነሳው። ጥር 13 ሁሉም ሥራ ፈትቶ ወደሚውልበት ድንጋይ ይመለሳል። ሰሊጥ በሚደርስበት በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ጉልበት ያለው ወንድ ወደ መተማ ቆላ ይወርድና ቤት ውስጥ ሴቶቹን ብቻ ታገኛላችሁ። በክረምት ተማሪው ሁሉ ሥራ ፈላጊ ይሆናል። እኛ የካቲት አጋማሽን መረጥን፤ ዘንድሮም የደገምነው በዚያው ሳምንት ነው። በጥር የተቆጠረን ከሐምሌው ጋር አስተያይቶ «ሥራ አጥነት ጨመረ» ማለት የቀሃን ወንዝ በሚያዝያ ለክቶ ከነሐሴው ጋር ማወዳደር ነው።

ስም አትጻፉ

በዚህ ዘመን የወጣት ስም ዝርዝር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው እናትን ያስደነግጣል። ለምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው አላብራራም። በመጀመሪያው ቀን ያሰማራኋቸው ልጆች ስም እየጻፉ ሦስት ቤት ሄዱ። አራተኛው ቤት «እኛ ጋ ወጣት የለም» ተባሉ፤ በሩ ሥር ሁለት ጥንድ የወንድ ስኒከር ታጥቦ ተሰጥቷል። ያን ዕለት ማታ ገጾቹን ቀደን አቃጠልንና እንደገና ጀመርን። ለቤቱ ቁጥር፣ ለልጆቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ። የሚጻፈው የትውልድ ዓመት፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ፣ የትምህርት ደረጃና መልሶቹ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ የማን ቤት እንደሆነ አንድ ሰው ቢያውቀው ይበቃል፤ እሱም በወረቀት አያስፍረው። ሰፈሩ የሚያከብራቸውን አንዲት እናት ደግሞ ከፊት አስቀድሙ።

መግቢያችሁን በደንብ አጥኑት። «ሥራ ሊሰጡ ነው» ከተባለ ባለሱቁ ሳይቀር ሥራ አጥ ይሆናል፤ «ለግብር ነው» ከተባለ ጠላ የምትሸጠዋ ጋኗን ትደብቃለች። እኛ የምንለው ይህን ነበር፦ «ሥራ ልንሰጥ አልመጣንም፣ ግብርም አንጥልም። እድሩ የልጆቹን ነገር ማወቅ ፈልጎ ነው። ስም አንጽፍም።»

በሩ ላይ

አንዲት ጥያቄ በፍጹም አትጠይቁ፦ «ሥራ አለህ?» በእኛ አነጋገር ሥራ ማለት ቢሮ፣ ደመወዝ፣ ፔሮል ነው። ቅዳሜ ገበያ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲያወርድ የዋለ ልጅ «ሥራ የለኝም» ይላችኋል፣ ከልቡ። እናቱም እንደዚያው። ሥራውን ትታችሁ ሰባቱን ቀን ጠይቁ። «ባለፉት ሰባት ቀናት» ብቻ ካላችሁ ደግሞ ወሩን ሙሉ ያወራላችኋል፤ ስለዚህ በገበያና በታቦት እሰሩት። «ካለፈው ቅዳሜ ገበያ እስከ ትናንት» በሉት፤ ቀኑ ከገጠመ «ከሚካኤል ወዲህ»። የ44 ታቦት አገር ላይ የቀን ምልክት አይጠፋም።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ «ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ገንዘብ ወይም እህል ወይም ሌላ ጥቅም የሚያስገኝ ነገር ሠርተሃል?»

ጠይቃችሁ ዝም አትበሉ፤ ዘርዝሩለት። ባጃጅ መንዳት ወይም ማጠብ፣ ሌሊት ጥበቃ፣ ጭነት ማውረድ፣ ልስን፣ ቀለም መቀባት፣ ሹሩባ መሥራት፣ የሰው ልብስ ማጠብ፣ ካርድ መሸጥ፣ ሻይ ማፍላት፣ ለሠርግ ወጥ መሥራት፣ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ተማሪ ማስጠናት፣ እንግዳ ማስጎብኘት። የመጀመሪያው መልስ «ኧረ ምንም» ነው። ሦስተኛው አራተኛው ላይ ስትደርሱ «እ... እሱማ ረቡዕ ለሰዓት ያህል...» ይጀምራል።

«አንድ ሰዓት» የምትለዋን ከኪሴ አላወጣኋትም። የዓለም ሥራ ድርጅት መለኪያ ናት፤ በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ለጥቅም የሠራ ሰው ሠራተኛ ይባላል። አንድ ባጃጅ የሚያጥብ የ22 ዓመት ልጅ ይህን ስነግረው እርጥብ እጁን በሱሪው ጠራርጎ «እኔ? እኔ ሠራተኛ ነኝ? በይ ነይና ለእናቴ ንገሪልኝ!» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ሲስቁብኝ ቆዩ። በዚያ ሳምንት ያጠበው ሁለት ባጃጅ ነው፤ ነዳጅ ስለጠፋ ሌሎቹ ቆመው ነበር። ቢሆንም ሠራተኛ ብዬ ጻፍኩት። ከጎኑ ግን ሁለት ነገር ጨመርኩ፦ በሳምንቱ የሠራው ሰዓት፣ ሁለት፤ ተጨማሪ ቢያገኝ ይሠራ እንደሆነ፣ አዎ። ይህቺን ዓምድ እንዳትዘሏት። በእኛ ሰፈር ትልቁን ነገር ያገኘሁት እዚያ ነው፤ በየትኛውም ሪፖርት ሥራ አጥ የማይባል፣ ግን ሁለት ሰዓት ሠርቶ ስድስት ቀን ድንጋይ ላይ የሚውል ልጅ።

«አልሠራሁም» ላለው ሁለት ጥያቄ ይከተላል። አንዱ፦ «የቤተሰብ ንግድ ወይም እርሻ ላይ ያለ ክፍያ አግዘሃል?» ሌላው፦ «ሥራ ኖሮህ ለጊዜው የቀረህበት ነው?» ታሞ የተኛ፣ ወልዳ ያረፈች፣ መንገድ ተዘግቶ መኪናው የቆመበት ረዳት የሚመለሱበት ሥራ ካላቸው ሠራተኞች ናቸው። አስጎብኚዎቹ ላይ ግን ተከራክረናል። አንዱ ፋሲል ግቢ በር ላይ ለዓመታት የሠራ ነው፤ ፈረንጅ ከቀረ ወዲህ ወሩ ሞልቶ አንድ እንግዳ የማያገኝበት ጊዜ አለ። «ሥራማ አለኝ፤ እንግዳ ነው የሌለኝ» አለን። መቼ እንደሚመለስበት የሚያውቅ ከሌለ፣ እስከዚያም የሚከፍለው ከሌለ፣ ሥራ የለውም ብለን ወሰንን። እሱ ግን ባጁን እስካሁን ከአንገቱ አላወለቀም።

ሁሉንም «አይ» ካለ ነው ዋናው የሚመጣው።

መፈለግና መፈለግ

እዚህ ላይ ቋንቋችን ያሳስተናል። «ሥራ ትፈልጋለህ?» ስትሉት ሁለት ነገር ነው በአንድ አፍ የጠየቃችሁት፤ ሥራ ቢኖርህ ደስ ይልሃል ወይ፣ እና ሥራ ፍለጋ ወጥተሃል ወይ። ልጁ የመጀመሪያውን ሰምቶ «አዎ» ይላል፤ ቆጣሪው ሁለተኛውን ሰምቶ ይጽፋል። እኔ ራሴ በዚህች ቃል ስንት መጠይቅ እንዳበላሸሁ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ቃሏን ጭራሽ አትንኳት። በሁለት ክፈሉት።

«ዛሬ ሥራ ብታገኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመር ትችላለህ?» ይህ ዝግጁነት ነው።

«ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ለማግኘት ምን አደረግህ?» ይህ ፍለጋ ነው። ልብ በሉ፣ «አደረግህ ወይ» አላልኩም፤ «ምን» ነው ያልኩት። መልሱ ድርጊት መሆን አለበት። ከሰሌዳ ገልብጬ አመለከትኩ፣ ለደላላ ነገርኩ፣ አጎቴን ለመንኩ፣ ቀን ሠራተኛ የሚለቀምበት ቦታ ቆሜ አረፈድኩ፣ የሥራ ፈላጊ መመዝገቢያ ማዕከል ሄጄ ተመዘገብኩ፣ ጀበና ቡና ልጀምር ብዬ ቦታ ጠየቅኩ። ቴሌግራም ላይ ተጨቃጭቀናል። የሥራ ቻናል ከፍቶ ማየት ብቻ ፍለጋ አይደለም፤ አይቶ ካመለከተ ነው ብለን ቆረጥን።

«ምንም አላደረግሁም» ያለውን «ለምን?» በሉትና መልሱን በራሱ አፍ ጻፉት፤ በኮድ አትቸኩሉ። ከደብተሬ፦ «ዘመድ የለኝም።» «ለፎቶ ኮፒና ለታክሲ የሚሆን አጣሁ።» «ልጄን ማን ይይዝልኛል?» «አባቴ ሆቴል ቤት አትሠሪም አለኝ።» «ሲጠሩኝ አላየሁም።» የሴቶቹና የወንዶቹ ምክንያት እንዴት እንደሚለያይ ያየሁት እዚህ ገጽ ላይ ነው። ወንዶቹ ዘመድና ገንዘብ ይላሉ፤ ሴቶቹ ልጅና ቤት።

አዘዞ መንገድ ላይ ባለ አንድ ግቢ በአካውንቲንግ የተመረቀች የ24 ዓመት ልጅ አገኘሁ። ባለፉት አራት ሳምንታት ምን አደረግሽ? ምንም። ለምን? መልስ ሳትሰጠኝ ከአልጋው ሥር ካርቶን ጎትታ አወጣች። የማመልከቻ ቅጂዎች፣ ከላያቸው በፖስታ ውስጥ ጉርድ ፎቶ። ቆጠረቻቸው፤ ሦስት ቀርተዋል። «እነዚህ ሲያልቁ አቆማለሁ ብዬ ነበር» አለችኝ፤ «ሳያልቁ አቆምኩ።»

በጥብቁ የዓለም መለኪያ ይህቺ ልጅ ሥራ አጥ አይደለችም። ሥራ አጥ ለመባል ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ፣ ፍለጋ ላይ ያለ። እሷ ሦስተኛውን አጉድላለችና ከኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ውጭ ነች። የአገራችን የስታቲስቲክስ ጥናቶች ግን ለረጅም ጊዜ የሠሩት ላላ ባለ ትርጉም ነው፤ ሥራ ከሌላትና ዝግጁ ከሆነች፣ ባትዞርም ሥራ አጥ ናት። እኔ ይሄኛው ይሻለኛል። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር በሌለበት ሰፈር ሰሌዳ አላየሽም ብሎ ሰው መሰረዝ አይዋጥልኝም። ደብተሩ ላይ ግን ሁለቱንም ለያይታችሁ ጻፉ፤ ለምን እንደሆነ ሒሳቡ ላይ ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እናት ስለ ልጅ አትመልስ። አባትም። ልጁ ከሌለ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ይገኛሉ። ወንዶቹን፣ ጨዋታ ካለ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ፈልጓቸው፤ ዕረፍት ላይ 15 ደቂቃ አላችሁ፣ ለሦስት ልጅ ይበቃል።

የሚያጠራጥሩት

ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ሥራ ማጣት፣ የቀረው ከዚያ በኋላ። ስለዚህ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ሠራተኛ ነው፣ ተማሪነቱ በሌላ ዓምድ ይገባል። እናቷ ጀበና ቡና ላይ ሳንቲም ሳትቀበል የምታግዝ ልጅ ሠራተኛ ናት። ለቤት እንጀራ የምትጋግረዋ ግን አይደለችም፤ አሥሩን ለሆቴል ካስረከበች ናት። አንድ ምጣድ፣ አንድ ሊጥ፣ ሁለት ሳጥን። ይህ ፍርደ ገምድል ይመስለኛል፤ ግን መለኪያው ይኸው ነው፣ ባንቀይረው ይሻላል።

የአብነት ተማሪ የጎንደር ቆጣሪ የሚገጥመው ጣጣ ነው። በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም ሊማር ከሩቅ የመጣ የ20 ዓመት ልጅ ትምህርት ሚኒስቴር አያውቀውም፤ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ይማራል። ተማሪ ብለን ጻፍነው፤ በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረንም።

12ኛ ክፍል ተፈትነው የተቀመጡት ብዙ ናቸው፤ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ማንም ሰፈር ውስጥ አይጠፉም። «ምን እየሠራህ ነው?» ሲባሉ «እየጠበቅኩ ነው» ይላሉ። መጠበቅ ሳጥን የለውም። የዝግጁነትና የፍለጋ ጥያቄውን እንደማንም ጠይቋቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና የሚጠብቁትንም እንደዚሁ።

ሒሳቡ

ማታ ደብተሩን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የሰፈሬን ቁጥር እዚህ አላወጣም፤ የእድሩ ነው። በመቶ ልጅ እናስላው።

100 ወጣት አለ እንበል። 38ቱ ሠርተዋል። 17ቱ አልሠሩም፣ ዝግጁ ናቸው፣ ፍለጋ ላይ ናቸው። 11ዱ አልሠሩም፣ ዝግጁ ናቸው፣ ግን ፍለጋ አልወጡም፤ እንደ ባለ ጉርድ ፎቶዋ ልጅ። የቀሩት 34 ዝግጁ አይደሉም፤ ከእነሱ 25ቱ ተማሪ ናቸው፣ 9ኙ በሕመም ወይም በልጅ ማሳደግ ቤት ያሉ።

የሥራ አጥነት ምጣኔ ከመቶው ልጅ አይሰላም። ከሠራተኛውና ከሥራ አጡ ድምር ብቻ ነው። በጥብቁ ትርጉም 17 ለ55 ሲካፈል 31 በመቶ ገደማ ይመጣል። በላላው 28 ለ66፣ 42 በመቶ። ከሥራም ከትምህርትም ውጭ የሆኑትን ከጠየቃችሁ 17 እና 11 እና 9 ተደምረው 37 ናቸው፤ እዚህ ላይ ከመቶው ነው የሚሰላው። የሚሠሩት ደግሞ 38 በመቶ። አንድ ሰፈር፣ አንድ ማታ፣ 31ም 42ም 37ም እውነት ናቸው። የእድራችን ዳኛ ድንጋይ ላይ የሚያዩአቸውን ነበር የሚቆጥሩት፤ ከኋላ የተቀመጡት እናት ጓዳ ያሉትን ጨምረው ነው።

አሁን ዓመቱ ዞረ እንበል። አንድም ሰው ሥራ አላገኘም። ግን ከ17ቱ ፈላጊዎች 6ቱ ሰልችቷቸው ተቀመጡ። ጥብቁ ምጣኔ 11 ለ49 ይሆናል፤ 22 በመቶ። ከ31 ወደ 22 ወረደ ተብሎ ሊጨበጨብ ነው። ላላው ግን ንቅንቅ አላለም፣ ያው 42። አንድ ሰው «ሥራ አጥነት ቀነሰ» ብሎ ሲነግራችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የሚሠሩት ጨመሩ ወይ?» ይሁን።

ሰፈራችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ መቶኛውን ተዉት። 30 ልጅ ቆጥራችሁ አንዱ ሥራ ሲያገኝ ከ3 በመቶ በላይ ይንቀሳቀስባችኋል። «ከ30 ልጅ 9ኙ» በሉ፤ ይገባል።

የአገሩን ቁጥር ስታነቡ

ደብተሩን አንዴ ከሠራችሁት የሬዲዮው ዜና ሌላ ዓይነት ይሰማችኋል። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የሠራተኛ ኃይል ጥናት የአገሪቱ ሥራ አጥነት 4.5 በመቶ ነበር። ለሁለት ሲከፈል ከተማው 16.5፣ ገጠሩ 2 ነው። ደምቢያ ላይ መሬት የሌለው፣ ከአባቱ ጋር ግማሽ ቀን የሚኮተኩት ልጅ ሠራተኛ ስለሆነ ነው የገጠሩ ያነሰው፤ ደህና ስለሆነ አይደለም። ያው ልጅ ማሳውን ትቶ አዘዞ ዘመድ ቤት ሲገባ በአንድ ሌሊት ሥራ አጥ ይሆናል። ኑሮው ከፍቶ ይሁን ተሻሽሎ ቁጥሩ አያውቅም። ስለዚህ ጎንደርን ከአገር አቀፉ ጋር ሳይሆን ከከተማው ቁጥር ጋር አስተያዩ። በ2010 ዓ.ም. የከተሞች ጥናት አጠቃላዩ 19.1፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉት ደግሞ 25.3 በመቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አገር አቀፉ 8 በመቶ ተብሏል።

እነዚህን ተከታታይ ዓመታት ስታወዳድሩ ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን የትርጓሜ ገጽ አንብቡ፤ ማንም አያነበውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቫ የተሰበሰቡት የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ለራሱ ጎተራ ብቻ የሚያርስን ሰው ከሠራተኛ ዝርዝር አውጥተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1982ቱ መለኪያ ግን ሠራተኛ ነበር። ትርጉሙ የተቀየረበት ሠንጠረዥ ካልተቀየረበት ጋር አይወዳደርም።

«ለዚህን ያህል ወጣት የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የገባውን እንጂ የወጣውን አይቀንስም፤ የሁለት ወሩ ኮብልስቶንና ቋሚው ቅጥር አንድ ላይ ይደመራሉ። የሥራ ፈላጊ መዝገብም እንደዚሁ ነው። እኔ ተቀጥሬ ደመወዝ መብላት ከጀመርኩ ስንት ወር በኋላ «የተመዘገቡበት የሥራ ዘርፍ...» ብለው ደውለውልኛል። ሥራ ያገኘ ሰው ሄዶ ስሙን አያሰርዝም፤ ተስፋ የቆረጠ ደግሞ መጀመሪያውኑ አይመዘገብም።

የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ወጣቶች ሥራ አጥነት፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት፣ 13 በመቶ ሆኖ በ15 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ነው ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ከአምስት ወጣት አንዱ ከሥራም ከትምህርትም ከሥልጠናም ውጭ ነው፤ ከእነዚህም ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች። ስንቶቹ «ቤት ናት፣ ታግዘኛለች» የተባሉ ይሆኑ?

ሁለተኛውን ዙር ስታደርጉ ያንኑ ደብተር ክፈቱ፣ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠይቁ፣ ማሻሻል ቢያምራችሁም አታሻሽሉ። የራሳችሁን ቤት ግን ራሳችሁ አትጠይቁ። ዘንድሮ እኛን ቤት የጠየቀችው አብራኝ የምትዞር ልጅ ናት፤ እኔ ጓሮ ሆኜ እሰማለሁ። ታናሽ ወንድሜ ተኝቶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ «እሱ እንኳ ቤት...» ብላ ጀመረችና ቆም አለች።

«ቆይ፣ ልቀስቅሰው» አለች።